አልጠልል ያለው ድፍድፍ

ሽማግሌው ቦቶልቭ የገና ጠላ በሚጠመቅበት ቀን፣ ከትልቁ የእንጨት በርሜል ሥር እንደተንበረከኩ ሞተው ተገኙ። ሙቁን የብቅል ውኃ የቀመሱባት ኩባያ ከእጃቸው አልወደቀችም።

ሚስታቸው እማማ ጊሪድ ጮኹ፣ አለቀሱ፣ ሬሳውን አስገቡ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ያየ እግዜር ብቻ ነው። እህል አይባክን ብለው ድፍድፉን ለአሳማዎቹ ገለበጡ። በበርሜሉ ወለል ላይ ለማጥለያ የተነጠፈውን ቅጠል ሲያወጡ ግን እጃቸው ቀጥ አለ። ሁልጊዜ የሚነጠፈው ጥድ ይወጋል። ይሄ አልወጋቸውም፤ ለስላሳ ነው። ባርሊንድ ነበር፣ በድሮው ቤተ ክርስቲያን አጥር ላይ የበቀለው ፈረስ የሚገድል ዛፍ።

ማጥለያውን በየዓመቱ የሚያነጥፈው ልጃቸው ሹር ነው። ሹርና አባቱ ደግሞ በእርሻው ውርስ ተጣልተው ከተኮራረፉ ሦስት ወር አልፏቸዋል።

«ጌታ ሆይ፣ ልጄን አትውሰድብኝ» አሉና ቅጠሉን ምድጃ ውስጥ ጨመሩት።

በማግስቱ የወረዳው ፖሊስ ሹም ሄልጌ ከቮስ ከተማ መጣ። አጭር ነው፣ ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል። ሬሳውን ያየው ሐኪም «የጠጡት ነገር ልባቸውን አቁሞታል» ብሎት ነበር።

«የልብ መድኃኒቱ ጠብታ ነው» አለ የሴት ልጃቸው ባል አስላክ፣ ማንም ሳይጠይቀው። በርገን ከተማ ያደገ ሰው ነው። «ጎረቤታችን ሲኔቫ ናት የምትቀምምላቸው። ትናንት ጠዋት ሲጠጡ አይቻለሁ።»

ለለቅሶ የመጣችው ሲኔቫ ወገቧን ያዘች። «አንተ ከተሜ! ሃያ ዓመት ያኖራቸውን ጠብታ ዛሬ መርዝ አደረግከው?»

«ጠርሙሱን እወስደዋለሁ» አለ ሄልጌ። «አንቺም ካፖርትሽን አዘጋጂ ሲኔቫ። ሌላ ነገር ካላገኘሁ አብረን መሄዳችን ነው።»

ሹርን ኩፍኝ ሲይዘው ሦስት ሌሊት አቅፋው ያደረችው ሲኔቫ ናት። እማማ ጊሪድ አንድ ቃል ቢናገሩ እሷ ትድናለች፤ ልጃቸው ግን ይታሰራል። ካፖርቷን ራሳቸው ከመስቀያው አወረዱላት።

ሄልጌ ጠላው ወደሚጠመቅበት ቤት ገባ። «ሹር፣ ጠላው ትናንት እንዴት ነበር?»

«አልጠልልም ብሎ እንቢ አለ እንጂ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ጠብ ጠብ ብቻ። አባዬ ‹የሽማግሌ ሽንት ይሻለዋል፣ እኔ ምስክር ነኝ› እያለ ሲሰድበን ነበር።»

«አምናስ?»

«እንደ ምንጭ ነው የወረደው።»

«ብቅሉ ተለውጦ ይሆን?»

«ያው የራሳችን ገብስ ነው። ያው ወፍጮ።»

ሄልጌ የበርሜሉን ውታፍ ነቀለና ቀዳዳው ውስጥ ሽቦ ሰደደ። ሦስት ቅጠል ይዞ ወጣ። በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

«እትዬ ጊሪድ፣ አተላውን የት አደረጉት?»

«ለአሳማዎቹ።»

«አሳማዎቹስ?»

«ማታውኑ... ሁለቱም ሞቱ።»

«የማጥለያው ቅጠልስ?»

«ተቃጠለ።»

ማን እንዳቃጠለው አልጠየቀም። ከዚያ ሁሉንም ማዕድ ቤት ሰበሰበ።

«እጃችሁን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ» አለ።

«ልትመርቀን ነው?» አለች ሲኔቫ።

«አንቺን አዎ። አሳማ የልብ ጠብታ አይጠጣም፤ የበላው ድፍድፉን ነው። መርዙ እዚያ ነበር፣ ስለዚህ ካፖርትሽን መልሰሽ ስቀዪው።»

መሐረቡን ፈታ። «ጥድ ቅጠሉ እሾህ ነው። ድፍድፉ ቢጫነውም በመሃሉ ውኃ ያሳልፋል። ይሄ ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ተደራርቦ ተኝቶ ቀዳዳውን እንደ ጨርቅ ደፈነው። ሁለት ሰዓት ሲዘፈዘፍ መርዙን ለቀቀ። የመጀመሪያዋን ሙቅ ኩባያ ደግሞ ከቤቱ ጌታ በቀር ማንም አይቀምሳትም። ቀሪው ሰው የተረፈው በዚህ ወግ ነው።»

እማማ ጊሪድ የልጃቸውን እጅ ማየት ፈሩ።

«ይሄን ያነጠፈው የኛ አገር ሰው አይመስለኝም» ቀጠለ ሄልጌ። «እዚህ ያደገ ሰው ይሄን ዛፍ እንዳይነካው በልጅነቱ ተገርፎ ነው የሚያውቀው። አውቆ የሚገድልም ራሱ የሚጠጣውን ጠላ በሙሉ አይመርዝም። ሹር እጁ እስከ ክንዱ ተቧጥጧል፤ ጥድ ቆርጧል። አስላክ፣ ያንተ እጅ ግን እንደ ሙሽራ እጅ ነው።»

«እኔም ጥድ ነው የቆረጥኩት! ጓንት አድርጌ ነበር።»

«አምጣው።»

ጓንቱ መጣ። ነጭ ሱፍ ነው፣ ነጠብጣብ እንኳ የለበትም።

«ጥድ ሙጫውን ሳይለጥፍበት የለቀቀው ጓንት ዛሬ ገና ማየቴ ነው» አለ ሄልጌ።

አስላክ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «የቀረውን ጥድ በረዶ ውጦት ነበር። ይሄኛው ለምለም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ የተሻለ ያወርዳል ብዬ... አምና ጥዱ ሲወጋኝ ‹የከተማ እጅ› እያሉ ሳቁብኝ። ዘንድሮ እንደ ወንዝ አወርደዋለሁ አልኩ። ሹር የጠላውን ውኃ ከጥድ ጋር ሲያፈላ በእሱ ፈንታ እኔ አነጠፍኩት። አሳማዎቹ ሲሞቱ ነው የገባኝ። በእግዚአብሔር እምላለሁ!»

«ሲገባህስ ምን አደረግህ?»

«ሲኔቫን ጠቆምኩ።»

«ዛፉን አለማወቅህ ስህተት ነው» አለ ሄልጌ። «ይሄኛው ግን በማወቅ ነው። ኮትህን ልበስ።»

ሹር ከወንበሩ አልተነሳም። «ቅጠሉን ማን አቃጠለው?» አለ።

ሹር ቀስ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ፣ እኔ መስዬሽ ነው?»

መዋሸት ይችሉ ነበር። «አዎ ልጄ» አሉ።

ሹር ራሱን ነቀነቀ። «ላሞቹ ውኃ አልጠጡም» ብሎ ወጣ። በሩን እንኳ አላጋጨውም።

ቤቱ ጭር ሲል እማማ ጊሪድ ሊጸልዩ ተንበረከኩ። ቃሉ ግን አልወጣላቸውም። ከእግዜር በፊት ይቅርታ የሚጠየቀው ሰው በረት ውስጥ ነው። ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱና፣ ጫማ ሳያደርጉ በረዶውን እየረገጡ ወደ በረቱ ሄዱ።