ተራራውን የምትሻገረው መኪና

«ይቺማ መኪና አይደለችም፤ ጎማ ያበቀለች ስልክ ናት» አሉ አያቷ ኦድጌይር፣ የትንሿን ሰማያዊ የኤሌክትሪክ መኪና ጎማ በጫማቸው ጫፍ ጠለዝ አድርገው።

ሻጩ ሳቀ። ሶልዲስ ግን አልሳቀችም። ነፋሱ ፀጉሯን አፏ ውስጥ ይከትባታል፤ እናቷ ራግና ደግሞ ከአያቷ ጀርባ ቆማ በዓይኗ «አሁን በያ!» ትላታለች።

«ለጀማሪ የምትሆን ናት፣ ኦድጌይር» አለ ሻጩ። «ነዳጅ አትጠይቅ፣ ዘይት አትጠይቅ።»

«ድምፅም የላትም። እንደ ድመት አድብታ ሰው ላይ የምትወጣ!»

ሶልዲስ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት በዚሁ ሳምንት ነው። መንጃ ፈቃዷን ከያዘች ወዲህ እጇ ከኪሷ አይወጣም፤ አውጥታ ታየዋለች፣ መልሳ ትከተዋለች። ከተራራው ወዲያ፣ እነሱ በሚኖሩበት የባሕር ዳር መንደር፣ አሥራ ሰባት ሞልቶት መኪና የሌለውን ልጅ ወላጆቹ እንደ ዕቃ ነው የሚያመላልሱት። ሼም ነው። ስለዚህ ዛሬ መኪና ሊገዙላት በእናቷ መኪና ተሳፍረው ወደ ከተማ ሲመጡ ደስታዋን መቻል ሊያቅታት ይገባ ነበር። ደስታዋን ያበላሸው፣ ጠዋት እናቷ የወጥ ቤቱን በር ዘግታ ያንሾካሾከችላት ነገር ነው።

«አያትሽ መንዳት ማቆም አለበት» ብላ ነበር የጀመረችው። «ዕድሜው ሄዷል። እኔ ብነግረው ዓመት ሙሉ ያኮርፈኛል። አንቺ ግን ‹አባባ፣ ጂፕህ ይሸጥና በእሱ ለኔ መኪና ይገዛልኝ› ብትይው እምቢ አይልሽም።»

«እኔ የሱን ጂፕ መቼ ፈለግኩ?»

«በይው ብቻ። ከዚያ ትንሿን የኤሌክትሪክ ምረጪ። ትምህርት ቤትሽና ስፖርት አዳራሹ ድረስ ትበቃሻለች። በክረምት ብርድ ባትሪዋ ተራራውን ሄዶ መመለስ አይችልም፤ ስለዚህ እሱም ተውሶ አይሄድባትም።»

በሰው እጅ የእባብ ጉድጓድ ይለካሉ ማለት ይሄ ነው። ሶልዲስ ይህን ብታውቅም «እሺ» አለች፤ ምክንያቱም እናቷ የማታውቀውን አንድ ነገር እሷ ታውቃለች።

ነገሩ የሆነው በበጋው መጨረሻ ነው። ሴት አያቷ ግሮአ የአንጎሏ ደም ሥር ተዘግቶ ግማሽ አካሏ ከደከመ ወዲህ የምትኖረው እዚሁ ከተማ፣ የአረጋውያን ማረፊያ ውስጥ ነው። ኦድጌይር በየቀኑ ከሰዓት በኋላ በዚያ በሚያንቋርር የናፍጣ ጂፓቸው ተራራውን ተሻግረው ይመጡና እራቷን ያበሏታል። ነርሶቹ ማንኪያ ሲያቀርቡላት አፏን ገጥማ ፊቷን ታዞራለች። እሳቸው ሲመጡ ግን እንደ ወፍ ጫጩት ትከፍታለች።

ያን ዕለት ሶልዲስ አብራቸው ነበረች። ሲመለሱ ወንዙ ላይ ካለው አንድ መኪና ብቻ ከሚያሳልፈው ድልድይ ደረሱ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ያልፋል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል። ከማዶ የመጣች ነጭ የኤሌክትሪክ የኪራይ መኪና ድልድዩን አጋምሳለች። አያቷ ግን ፍሬን ሳይነኩ ገቡ። «አባባ!» ብላ ጮኸች። ጂፑ ቆመ፤ የነጯ መኪና ሾፌር ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ኋላ እየሸሸ መንገድ ለቀቀላቸው።

«ዝም ብለው ነው እንዴ የሚመጡት፣ እንደ ሌባ!» አሉ አያቷ በቁጣ። «መኪና ከሆነ መኪና ነኝ አይልም?»

ሶልዲስ ሆድ ይፍጀው ብላ ለማንም አልተነፈሰችም። ብትናገር ጂፑ በማግስቱ ይሸጣል። ጂፑ ከተሸጠ ደግሞ ግሮአ አፏን የምትከፍትለት ሰው አይመጣም። ባትናገርስ? ይሄን ጥያቄ ስታስበው እንቅልፍ ይከዳታል።

እናቷና ሻጩ ወረቀት ሊያዩ ወደ ቢሮ ገቡ። አያቷ በመኪና ማቆሚያው መሃል ቆመው የሱረት ቀንዳቸውን ከኮታቸው አወጡ። በዚህ መሃል አንድ ሠራተኛ ግራጫ የኤሌክትሪክ መኪና እየነዳ ከጋራዡ ወጣ። መኪናዋ ውልብ ብላ መጥታ ልክ ከፊታቸው ቆመች። ሠራተኛው ፈገግ ብሎ እስኪያልፉ ጠበቃቸው። አያቷ ፊታቸውን ወደ መኪናዋ እንዳዞሩ ሱረታቸውን ማግ አደረጉ፤ አፍንጫቸውን ጠረጉ፤ ንቅንቅ አላሉም። ሠራተኛው ግራ ገባው።

ወዲያው ደግሞ ከአጥሩ ውጭ፣ ገና ከመታጠፊያው ጀርባ ያለ የጭነት መኪና አጓራ። አያቷ ቀልጠፍ ብለው ወደዚያ ዞሩ።

ሶልዲስ ክው አለች። ሮጣ ክንዳቸውን ይዛ ወደ ዳር ሳበቻቸው።

«ምን ሆነሻል? ክንዴን ገነጠልሽው እኮ!»

«ብርድ ነው፣ አባባ። ና እዚች ውስጥ እንግባ።»

ያስገባቻቸው አጠገባቸው ወደቆመችው ጥቁር አረንጓዴ ሃይብሪድ ነው፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ናት። በሯን ነፋስ እንዳይነቅለው በሁለት እጅ ይዘው ገቡ። እሳቸው መሪው ጋ ተቀመጡ፣ እሷ ጎናቸው።

«ይቺስ ደህና ናት» አሉ መሪውን እየዳበሱ። «ሞተር አላት። ተራራውንም ቢሆን አትፈራውም።»

እናቷ ያስጠናቻት ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ብትለው ነገሩ ሁሉ ያልቃል፤ አያቷም ለልጅ ልጃቸው ስጦታ የሰጡ መስሏቸው ኩራታቸው እንደተጠበቀ ወደ ቤት ይመለሳሉ። አፏን ከፈተች።

«አባባ፣ ድልድዩ ላይ የነበረችውን ነጭ መኪና አላየሃትም።»

«አይቻታለሁ። ቅድሚያው የኔ ነበር።»

«የሷ ነበር። መሃል ደርሳ ነበር። አሁንም ግራጫዋ ፊትህ ቆማ ስትጠብቅህ አላየሃትም። የጭነት መኪናውን ግን ሳይመጣ ሰማኸው።»

አያቷ ወደ እሷ ዞሩ።

«እናትሽ ናት ያስጠናችሽ?»

«እማዬ ስለ ድልድዩ አታውቅም። እሷ ያስጠናችኝ ሌላ ነው። ጂፕህን ሸጠህ መኪና ግዛልኝ ብዬ እንድለምንህ። አልለምንህም።»

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። እሳቸው ግን በአፍንጫቸው ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«ራግና ከልጅነቷም እንዲሁ ናት። ጥርሷን ሲያማት እንኳ ለኔ የምትነግረኝ በእናቷ በኩል ነበር።» መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት። «መሃል መሃሉ ላይ ጭጋግ ነው፣ ሶልዲስ። ጎን ጎኑን አያለሁ። መንገዱን በልቤ አውቀዋለሁ። የናፍጣ መኪና ሲመጣ ከኩርባው ጀርባ ይሰማኛል። እነዚህ ግን... እነዚህን ምን ላድርጋቸው?»

ለካ ያ ሁሉ ስድብ፣ ስልኩም ድመቱም ሌባውም፣ ፍርሃት ኖሯል። የአያቷ ነገር አንጀቷን በላው። ተናደደችም ደግሞ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ጎናቸው አስቀምጠዋት በጆሯቸው ሲነዱ ነበር።

«ሰው ብትገድልስ ኖሮ? እኔን ብትገድልስ?»

እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሱ።

«ግሮአን ማን ሊያበላት ነው?» አሉ። «እሱን ንገሪኝና አሁኑኑ አቆማለሁ።»

ሶልዲስ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየች። የእጅ ኳስ ቡድኑ ዘንድሮ ቋሚ በረኛ አድርጓታል። ልምምዱ በሳምንት አራት ቀን፣ ያውም ልክ በግሮአ እራት ሰዓት ነው። ሁለት ቀን የቀረ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አሰልጣኙ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ወንበሩን አሙቃለች፤ ምን ያህል ቀሽም ቦታ እንደሆነ ታውቀዋለች። አባቷ ዓሣ ማጥመጃ መርከብ ላይ ነው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። እናቷ ግን አለች። ለገዛ አባቷ በቀጥታ መናገር የፈራች እናት፣ መንዳትስ አያቅታትም።

«ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እኔ እወስድሃለሁ» አለች። «ማክሰኞና ሐሙስ እማዬ። ቅዳሜና እሁድ ተራ እንገባለን። በረዶ ተራራውን ሲዘጋው ማንም አይሄድም፤ አንተም ብትሆን።»

«ኳስሽስ?»

«ተጠባባቂ እሆናለሁ።» ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ፤ ልትደብቀው አልሞከረችም። «ግን ለእማዬ የምትነግራት አንተ ነህ። በኔ በኩል አይሆንም።»

መስታወቱ ተንኳኳ። እናቷ ነች፤ ከኋላዋ ሻጩ ወረቀት ይዟል። ሶልዲስ መስታወቱን አወረደች።

«እህስ? ወሰንሽ?» አለች ራግና፣ ዓይኗን ወደ ሰማያዊዋ መኪና እየወረወረች።

«ይቺን። ተራራውን የምትሻገረውን።»

የእናቷ ፊት ጠቆረ። «ሶልዲስ! ተነጋግረን አልነበረም እንዴ?»

ሶልዲስ አያቷን አየቻቸው። አያቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ራግና፣ ዓይኔ አይሠራም» አሉ። «ጂፑን ሽጪው። አንቺ ደግሞ ማክሰኞና ሐሙስ እናትሽ ጋ ትወስጂኛለሽ። ቅዳሜና እሁድ ተራ ትገባላችሁ፤ ሌላው ቀን የልጅቷ ነው።»

ራግና ቀስ ብላ እጇን በመስኮቱ አሳልፋ ሶልዲስን አልፋ የአባቷን ክንድ ያዘች። እንደዚያ ስትይዛቸው ሶልዲስ አይታ አታውቅም። ሻጩ ነገሩ የቤተሰብ መሆኑ ገብቶት ወረቀቱን ማንበብ ጀመረ።

«የሙከራ ነው፣ ከተማ ውስጥ ዞር ዞር ማለት ትችላላችሁ» አለ ጥቂት ቆይቶ፣ ቁልፉን በመስኮቱ እያቀበለ።

ቁልፉን የተቀበሉት ኦድጌይር ናቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ መዘኑት። ከዚያ በሩን በሁለት እጅ ይዘው ወረዱ፤ እጃቸውን ከመኪናዋ አፍንጫ ሳያነሱ በፊት ለፊት ዞረው መጡና በሷ በኩል ቆሙ።

«ውረጂ እንጂ» አሉ ቁልፉን እየዘረጉላት። «ቦታዬ ላይ ተቀምጠሻል።»