የብራክንሾ ቢጫ ወንበር

ሰር ጆስሊን ዋርክ በአባቱ ቤት፣ በራሱ ምድጃ ፊት፣ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ሲገኝ ከቤቱ ሰዎች አንድ እንኳ ያለቀሰለት አልነበረም። ያዘኑት ከውጭ በሩ ላይ በዝናብ የቆሙት ጎብኚዎች ነበሩ፤ እነሱም ያዘኑት ከኒውካስል ድረስ መጥተው በሩ ስለተዘጋባቸው ነው።

ኢንስፔክተር ቴልማ ሬድፓዝ በጎብኚዎቹ መካከል እየተጋፋች አለፈች። ሃምሳ ዓመት የሞላት፣ አጭርና ደንዳና ሴት ናት። ገና ደፉን እንደረገጠች አንዲት ቀጭን ሴት ጮኸችባት።

«ምንጣፉን! በሸራው ላይ ይሂዱ እንጂ! ገመዱንም እንዳይነኩ!»

ይህች ሚስ ዊኒፍሬድ ፓይበስ ናት። በቲኬት የሚጎበኘውን የብራክንሾ ቤት ክፍሎች ስትጠብቅ፣ አቧራውን ስታራግፍ፣ ጎብኚውን ስትገሥጽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗታል። ሬሳውን ያገኘችውም እሷ ነበረች።

«ቀዩን ሳሎን ልከፍት መጣሁ፤ ከደፉ ላይ ሆኜ እግሩን አየሁ። ከገመዱ አላለፍኩም። ጮኼ ሮጥኩ» አለች።

«ማታስ?»

«በአሥራ አንድ ሰዓት ጎብኚው ሲወጣ እኔም ወደ ቤቴ ሄድኩ።»

ቴልማ ጎብኚ እንዳያልፍ በክፍሉ የተዘረጋውን ገመድ ብቻዋን ተሻግራ ገባች። የምድጃው መቆስቆሻ ብረት በደም ተነክሮ ወለሉ ላይ ወድቋል። ከሬሳው ደረት ሥር የአትክልተኛ የቆዳ ጓንት ይታያል። ከሬሳው ጎን ቢጫ ሐር የለበሰ ያረጀ ወንበር ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ለምድጃው ሰጥቶ ቆሟል። መቀመጫው ላይ እንደ ሌሎቹ ወንበሮች ሁሉ የደረቀ የኮሸሽላ ራስ ተቀምጧል። እንዲህ ባሉ ቤቶች «አትቀመጡ» ብሎ መለጠፍ ነውር ነው፤ እሾሁ ይናገራል።

ኮሸሽላውን በመሐረቧ አነሣችው። ከሥሩ፣ ሐሩ ላይ፣ ሁለት የደም ጠብታዎች ደርቀዋል። የኮሸሽላው አናት ግን ንጹሕ ነው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አልነካውም። ጎንበስ ብላ የወንበሩን ክንድ ከውስጥ በኩል ተመለከተች። ሲጋራ የበሳው ጥቁር ቀዳዳ አገኘች። ወደ በሩ ተመልሳ፣ በእግሯ ጣት ተንጠራርታ አየች፤ ከዚያ አይታይም።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር፤ ያገኘችውን ነገረችው።

«ጓንቱ የማን ነው?»

«የአትክልተኛው፤ የደንስተን ሆግ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? በሳምንቱ መጀመሪያ በጎብኚ ፊት "አፈር አስበላሃለሁ" ብሎ ዝቶበታል። በስድስት ሰዓት መኪና እልካለሁ፤ ይወሰዳል።»

«ዛቻ የግድያ ማስረጃ አይሆንም፤ ጌታዬ።»

«ጓንቱስ? ስድስት ሰዓት ብያለሁ!»

ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቷታል። በትንሹ ሰማያዊ ክፍል ተቀምጣ፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ወንበር ኮሸሽላውን ሳታነሣ ተወችውና አንድ በአንድ አስጠራቻቸው።

መጀመሪያ የገባው ቤቱን ሊያሻሽጥ ከለንደን የመጣው ክሪስፒን ሌል ነበር። ዘጭ ብሎ ተቀመጠና እንደ ተነደፈ ሰው ብድግ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ አረም! እብዶች ናቸው እንዴ?»

«ማታ ከሰር ጆስሊን ጋር ነበሩ?»

«እስከ አሥራ አንድ ተኩል። ሆቴል ሊሆን ነው ቤቱ፤ ጉብኝት ብሎ ነገር ከእንግዲህ የለም። እሱም ደስ ብሎት ከቢጫው ወንበር ላይ ይሄን እሾህ አንሥቶ ወለሉ ላይ ወረወረና ተንሰራፍቶ ተቀመጠ። ሲጋራውን ሲለኩስ ተለይቼው ወጣሁ። በአሥራ ሁለት ሰዓት መንደሩ መጠጥ ቤት ነበርኩ፤ ሁሉም አይቶኛል።»

ቀጥሎ ደንስተን ሆግ ገባ። ስልሳ ሊሞላው የቀረበ ግዙፍ ሰው ነው። የጭቃ ጫማውን አይቶ ከሸራው ጫፍ አላለፈም፤ «ይቀመጡ» ብትለውም ቆሞ ቀረ።

«ዝተውበታል አሉ።»

«ዝቼበታለሁ። አባቴ ከተወለደበት የአትክልተኛ ጎጆ ውጣ ሲለኝ ምን ልበለው? እግዜር ይስጥልኝ? ግን አልነካሁትም።»

«ጓንትዎስ?»

«ሰኞ ዕለት ለሚስ ፓይበስ አበባ ሳስገባ አበባ ማሰናጃው ክፍል ረሳሁት መሰለኝ። ብፈልገው የለም።» አንገቱን ደፋ። «ሊወስዱኝ ነው አይደል? ሚስቴ ልቧ ደካማ ነው።»

ቴልማ ልትዋሸው አልፈለገችም።

የሟቹ እንጀራ እናት ሌዲ ሮዛመንድ በበትር እየተደገፈች ገባች። በበትሩ ጫፍ ኮሸሽላውን ጠርጋ ወለሉ ላይ ጣለችና ተቀመጠች።

«እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። አዎ፤ እጠላው ነበር። ሆድና ጀርባ ነበርን። ይሄን የቲኬት ሕዝብ ደግሞ ከእሱም አብልጬ ነው የምጠላው። በመኝታ ቤቴ መስኮት ሳንድዊች እየገመጡ ሲያዩኝ ዓመታት አለፉ።»

«ታዲያ ቤቱ ሲሸጥ ደስ ይልዎታላ?»

«እኔ የት ልወድቅ? ባሌ በኑዛዜው የተወልኝ እስከ ዕለተ ሞቴ መኖርን ብቻ ነው። አትክልተኛውን ውሰጂና ቤቴን ልቀቂልኝ። ዕድሜ ልኩን ባለጌ ነው።»

መጨረሻ ላይ ሚስ ፓይበስ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሰር ጆስሊን ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

«ሰው? ሰው አልነበረም!» መሐረቧን ጨመደደች። «የአያቶቹን ቤት እንደ መጠጥ ቤት ነበር የሚኖርበት። ሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት የኖረ ሐር በሲጋራ የሚያቃጥል ሰው ምን ይባላል? ይንገሩኝ እንጂ!» እያለቀሰች ጎንበስ አለች፤ ሌዲዋ የጣለችውን ኮሸሽላ አንሥታ መቀመጫው ላይ መለሰችና አጠገቡ ቆመች። ምን እንዳደረገች ያወቀችው አይመስልም።

ቴልማ ማስታወሻዋን ዘጋች። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን አራቱንም ቀዩ ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ተነሥቷል። ደንስተንን ሊወስድ የመጣው ሰርጀንት በር ላይ ቆሟል።

«ይሄ ቲያትር ምን አስፈለገ?» አለች ሌዲ ሮዛመንድ።

«አጭር ነው፤ አይሰለቹም» አለች ቴልማ። «ማታ ሰር ጆስሊን እሾሁን ወለሉ ላይ ጥሎ ቢጫው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ይህን ሚስተር ሌል በዓይኑ አይቷል። ጠዋት ግን እሾሁ ወንበሩ ላይ ነበር። ከሥሩ ደም አለ፤ እሱ ላይ የለም። ስለዚህ ደሙ ከፈሰሰ በኋላ፣ ሬሳው እግሩ ሥር ተጋድሞ ሳለ፣ አንድ ሰው እሾሁን አንሥቶ ወደ ቦታው መልሶታል።»

«ለምን?» አለ ሌል።

«ለምን ማለትዎ ራስዎን ነጻ ያወጣዎታል። እርስዎ እሾሁ ላይ ነው የተቀመጡት። ሌዲ ሮዛመንድ በበትር ጠረጉት፤ ቤታቸው ነው፣ እሾህ ማን ይከለክላቸዋል? ሚስተር ሆግ ደግሞ በራሱ ነፍስ ጉዳይ እየተጠየቀ እንኳ ምንጣፍ ላይ አልወጣም። ትናንት ቀኑን ሙሉ ዘንቧል፤ እዚህ ግን ከበሩ እስከ ምድጃው ድረስ የጭቃ ምልክት አላየሁም። ሚስ ፓይበስ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ምን?»

«ዛሬ እያለቀሱ የወደቀውን አንሥተው መለሱት። ልብዎ ሲያለቅስ እጅዎ ሥራውን አላቆመም።»

ሚስ ፓይበስ አገጯን ቀና አደረገች። «ሠላሳ አንድ ዓመት የለመድኩት ነው። ልማድ ወንጀል ሆነ?»

«አልሆነም። በልማድ ብቻ ማንንም አልከስም። ግን ከደፉ አላለፍኩም አሉኝ። ሐሩ በሲጋራ መቃጠሉን ማን ነገረዎት? ሚስተር ሌል ሲወጣ ሲጋራው ገና እየተለኮሰ ነበር። ቃጠሎው ከክንዱ በውስጥ በኩል ነው፤ የወንበሩ ጀርባ ደግሞ ለበሩ ነው። ከበሩ ቆሜ ሞክሬዋለሁ። የሚያየው ምድጃው ፊት የቆመ ሰው ብቻ ነው።»

ሚስ ፓይበስ ዞራ ቢጫውን ወንበር አየች። ሁሉም ከአጠገቧ ፈቀቅ አለ።

«መስኮቶቹን ረስቼ ተመለስኩ» አለች በመጨረሻ። «ይሽጠው ብዬ ነበር፤ ችዬው ነበር። ግን ዓይን ዓይኔን እያየ ሲጋራውን ክንዱ ላይ አጠፋው። "አሮጊቷ፣ ከነገ ወዲያ አንቺም ወንበሩም ቆሻሻ ናችሁ" አለኝ። ብረቱ እጄ ውስጥ እንዴት እንደገባ አላውቅም።»

«ለዚህ ወንበር?» ሌዲ ሮዛመንድ በንቀት ሳቀች። «የባሌ ውሻ የሚተኛበት ነበር እኮ!»

ደንስተን ወደ ሚስ ፓይበስ ዞረ። ድምፁ ሻከረ።

«ዊኒፍሬድ፤ ጓንቴን ከሥሩ ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«በየቀኑ በአራት ሰዓት ሻይ አብረን ስንጠጣ ሃያ ዓመት። የልጄን ሰርግ አበባ ያሰናዳሽልኝ አንቺ። ታስወስጂኝ ነበር?»

ሚስ ፓይበስ እንደ ገረማት ሰው አየችው፤ ይህ የሚጠየቅ ነገር አልመሰላትም።

«እኔ ከሄድኩ ቤቱን ማን ያውቀዋል?» አለችው። «አትክልተኛ ሌላ ይገኛል፤ ደንስተን።»

ሰርጀንቱ ክንዷን ይዞ ሲያወጣት ደንስተን ዘወር ብሎ አላያትም። ወደ ቴልማ ጠጋ አለና ስልክ ይስጡኝ ብሎ ለመነ።

«ሚስቴ ከጠዋት ጀምሮ ለእስር ቤት የምወስደውን ልብስ እያጠፈች ነው። እንድታቆም ልንገራት።»