ያልተመረቀው ዳምጠው

የጅን ወሬ፣ የዛር ወሬ፣ እገሌ መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ገጠመው የሚሉት ወሬ ሲነሳ ከጨዋታው ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። መካነ ሰላም ውስጥ የብየዳ ቤት አለኝ፣ ብረት ስቆርጥና ስገጥም ነው የምውለው፣ ብረት ደግሞ ካላሞቁት አይሞቅም፣ ካልገፉት አይሄድም፣ የማውቀው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወዳጄ፣ አሁን የማወራህን ስትሰማ ሰውዬው ምርቅን ብሎ ነው እንዳትለኝ፣ ጫት አልቅምም፣ ያን ቀን ደግሞ ጠላ እንኳን በአፌ አልዞረም።

ከከተማችን ዳር፣ በድሮው የመንገድ ሠራተኞች ካምፕ ግቢ ውስጥ አንድ ዳምጠው፣ የመንገድ መጠቅጠቂያ መኪና፣ አለ። አሁን መንገድ ሲሠራ የምታየው በናፍጣ የሚሄደው እንዳይመስልህ፣ የጥንቱ ነው፣ በእንፋሎት የሚሠራው፣ ሆዱ ውሃ የሚፈላበት ቦይለር፣ ከኋላው እንጨት የሚነድበት ምድጃ፣ ከፊቱ ረጅም ጭስ ማውጫ፣ ከላዩ ደግሞ ፊሽካ። ይህ የኛ አካባቢ ሐዲድ ገብቶበት ስለማያውቅ ሰው ሁሉ “ባቡሩ” ነው የሚለው። መንገዱ ሲሠራ መሪውን የያዙት አባቴ ናቸው። እሳቱን የሚቀልበው ደግሞ ሁሴን የሚባል ጓደኛቸው ነበር፣ እንጨት ወደ ምድጃው በጨመረ ቁጥር በጥርሱ መሃል ያፏጭ ነበር ይሉኛል። ሁሴን የሞተው እኔ ሳልወለድ ነው፣ አባቴ ግን እስከ ዛሬ ሲያነሱት ትናንት የተለዩት ነው የሚመስለው። አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው አይለዩም።

አምና መስከረም ላይ የከተማው ወጣቶች የድሮ ማሽኖች በዓል እናድርግ ብለው ተነሱ። ከደሴ ሌላ የእንፋሎት ዳምጠው በሎቤድ መኪና ተጭኖ በአቀስታ በኩል መጣልን፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ናሱ ተወልውሎ ሙሽራ መስሎ። የኛው ዝጓል። ቦይለሩ ተበስቶ ስለነበር ላሜራ ቆርጬ የጣፍኩት እኔ ነኝ፣ ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ለዓይን ያህል ነው የጣፍኩት፣ እንፋሎት ይችላል ብዬ አይደለም።

አባቴ ለመኑኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አቀጣጥልልኝ፣ መሪውን ልያዘው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ አሉኝ። እምቢ አልኩ፣ ምን ላድርግ? ያ ቦይለር ቢፈነዳ እሳቸውንም ሜዳ ሙሉ ሰውንም ይዞ ነው የሚሄደው። በትራክተር እናስጎትተዋለን፣ እርስዎ ከላይ ተቀምጠው መሪውን ይይዛሉ አልኳቸው።

“እንደ ሬሳ ልጎተት?” አሉኝ፣ ከዚያ ወዲያ አላናገሩኝም። እዚያው አንድ ቤት ውስጥ እየበላን አኮረፉኝ፣ ውሃ ሲጠማቸው እንኳን ሚስቴን ነበር የሚጠሩት፣ አንጀቴን በሉት።

ከእንግዳው ዳምጠው ጋር የመጣው መካኒክ ሰይድ ይባላል፣ ጥርሱ የማይከደን ሰው ነው፣ እኔ ደግሞ ያለምክንያት የሚስቅ ሰው አላምንም። ከደረሰ ጀምሮ የኛን ዳምጠው ይዞራል፣ ያንኳኳል፣ “ይሄማ ይነሳል፣ አብሽሩ” እያለ አባቴን ያጽናናል። እሳቸውም ለእኔ የነፈጉትን ጨዋታ ለእሱ ያወርዱለታል። አሃ፣ እነዚህ ሰዎች ሊሸውዱኝ ነው አልኩ በሆዴ፣ ተደብቆ ሊያቀጣጥልላቸው ነው። ስለዚህ የበዓሉ ዕለት ማልጄ ካምፑ ገባሁና ምድጃውን ከፈትኩት፣ ወፍ ጎጆዋን ሠርታበታለች፣ እንቁላልም አለበት። ቦይለሩን አንኳኳሁት፣ ባዶ ነው፣ ጠብታ ውሃ የለውም። እግሮቹ ሥር ከፊትም ከኋላም ወፍራም የባሕር ዛፍ ታኮ በመዶሻ መታሁበት፣ የትራክተሩን ቁልፍም ከሾፌሩ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። ሰው በገዛ አባቱ ላይ እንዲህ ዘብ ይቆማል? እኔ ቆምኩ።

እኛ ዘንድ፣ ታውቀው የለ፣ ሥራ ያለ ምርቃት አይጀመርም። በአባቴ ጊዜም ዳምጠው ጠዋት ሳይመረቅ ክብሪት አይጫርበትም ነበር፣ ሽማግሌ መርቆ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን ብሎ ሲያበቃ ነው ሁሴን እሳቱን የሚለኩሰው። በዓሉም እዚያው ካምፑ ሜዳ ላይ በዚያው ደንብ ጠዋት ተጀመረ። አባቴን አቅፌ የኛው ዳምጠው ላይ አወጣኋቸው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው መሪውን ጨብጠው ተቀመጡ። ሽማግሌዎቹ ግን እንግዳ ይቅደም ብለው ወደ ደሴው ዳምጠው አለፉ፣ ቄጠማ ጎዘጎዙለት፣ ግንባሩን ቅቤ ቀቡት፣ ምርቃቱን አዥጎደጎዱለት፣ እኛም አሚን አልን። ወደ ኛው ዞር ሊሉ ሲሉ ያ የኛ አገር ጉም ወረደ፣ ካፊያም ተከተለው፣ ሰው ሁሉ ወደ ድንኳን ሸሸ፣ ሽማግሌዎቹም አብረው።

አባቴን ላወርዳቸው ብሄድ እጄን ገፉኝ፣ የኛ ምርቃት ሳይደርስ አልወርድም አሉ። ጥላ ዘርግቼ አስያዝኳቸውና ተናድጄ ሜዳውን አቋርጬ ወደ ሰይድ ሄድኩ፣ የእንግዳውን ዳምጠው ሸራ እያለበስን ነበር። ልብ በልልኝ፣ ሰይድ ከዓይኔ አልጠፋም፣ የሸራውን አንድ ጫፍ እሱ፣ አንዱን እኔ ይዘን ነበር። የእንግዳውም እሳት ገና አልተለኮሰም።

መጀመሪያ የምድጃ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ሰማሁ፣ ብረት ከብረት። ንፋስ ነው አልኩ። ደግሞ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ቀጥሎ የእንጨት ጭስ ሸተተኝ፣ ከድንኳኑ ነው፣ ወጥ እየተሠራ ነው አልኩ፣ ይኸው ለሁሉም ምክንያት አለኝ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ ሰው ሲያፏጭ ሰማሁ፣ ቀስ ብሎ፣ ሥራ ላይ እንዳለ ሰው። ሰይድን አየሁት፣ ፈገግታው ጠፍቷል። በመጨረሻ ፊሽካው ጮኸ።

“ማነው ያቀጣጠለው?” አልኩት ሰይድን፣ ሌላ የምጠረጥረው ሰው አልነበረኝማ።

“እኔ እዚህ ነኝ” አለ፣ ሸራውን ሳይለቅ። “እሳት ቢለኮስ እንኳን እንፋሎት እስኪያነሳ ግማሽ ቀን ይፈጃል።”

መሬቱ ከእግሬ ሥር ሲርገበገብ ሸራውን ጥዬ ሮጥኩ። በዚያ ጉም ውስጥ እጄን እንኳን አላይም፣ ያ የጣፍኩት ላሜራ አሁን ፈነዳ፣ አሁን ፈነዳ እያልኩ፣ አባባ እያልኩ ነው የምሮጠው። ካቆምኩት ቦታ ስደርስ ዳምጠው የለም። ታኮዎቹ ተጨፍልቀው ፍልጥ ሆነዋል፣ እርጥቡ ሣር ላይ እንደ ምንጣፍ የተደመደመ ሰፊ መንገድ ወደ ካምፑ በር ይሄዳል፣ ያውም ወደ ዳገቱ። በሩ አጠገብ አገኘሁት፣ ቆሟል። አባቴ ከታች መሬት ላይ ቆመው እንባቸው በጢማቸው ይወርዳል። እሳቸውን ከላይ ለማውረድ ሰው ያስፈልጋል፣ ብቻቸውን አይችሉም።

ምድጃውን ከፈትኩት። ጎጆው እንዳለ ነው፣ እንቁላሎቹም። አመድ የለ፣ ፍም የለ። የጣፍኩትን ላሜራ በመዳፌ ነካሁት፣ ሞቆ ነበር፣ ካፊያው ሲያርፍበት እየደረቀ ይተናል።

“ልጄ፣ ተቀይሜህ ነበር” አሉ አባቴ። “ደብቀህ አቀጣጠልክልኝ አይደል?”

እኔ አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ። ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ምርቃቱን ጀመሩ፣ ዘርህ ይባረክ፣ እጅህ አይዛል፣ እኔን እንዳስደሰትክ ልጆችህ ያስደስቱህ። ስንት ቀን ያኮረፉኝ አባት እኮ ናቸው፣ ምን ልበል? አሚን አልኩ። የሌላ ሰው ምርቃት በላሁ።

ሰይድ የራሱን ዳምጠው ሳያቀጣጥል በሎቤድ ጭኖ በዚያው ቀን ወደ ደሴ ተመለሰ፣ ስደውልለት አያነሳም። ልጠረጥረው እፈልጋለሁ፣ ወላሂ፣ እሱ ነው ብዬ ብገላገል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሸራውን አብረን ይዘን ነበራ። ሰው ገፍቶት ነው እንዳልል የሜዳው ሰው ሁሉ ቢረባረብ ያንን ብረት ዳገት አያወጣውም። ወፏ ጫጩቶቿን አሳድጋ እስክትሄድ ጠበቅኩና የምድጃውን በር ዙሪያውን በየድኩት። ለአባቴ አልነገርኳቸውም። እሳቸው ሰላም ሆነዋል፣ ከእኔ ጋር ይስቃሉ፣ ዘንድሮስ መቼ ነው የምናቀጣጥለው ይሉኛል፣ እኔም እናያለን እያልኩ አልፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከጤና ጣቢያ ስንመለስ እጃቸውን ይዤ በካምፑ በኩል አለፍን። ጉም ነበር። አባቴ ድንገት ቆሙና መዳፌን በጣቶቻቸው ዳበሱት፣ ወደ አፍንጫቸውም አስጠጉት።

“ያን ቀን ያወረደኝ እጅ ጭስ ጭስ ይል ነበር” አሉ። “ያንተ ብረት ብረት ይላል። አንተ ነበርክ?”

“አዎ አባባ፣ እኔ ነበርኩ” አልኳቸው።

መዳፌን እንደያዙ ጆሯቸውን ወደ እኔ አስጠጉ።

“እስኪ እንግዲያ እንደ ያን ቀን አፏጭልኝ።”

በሕይወቴ አፏጭቼ አላውቅም፣ አልችልበትም። ከንፈሬን አሞጥሙጬ ሞከርኩ፣ ባዶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። አባቴ እጃቸውን ከእጄ ውስጥ ቀስ ብለው አወጡና ፊታቸውን ወደ ካምፑ አዙረው ቆሙ።