ክሎሪኑን ያዙ

መኪናው እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ሹፌሩ ሞተሩን ደጋግሞ አስጮኸው፤ ጎማው ጭቃ ከመርጨት በቀር ፈቀቅ አላለም። ባልደረቦቹ በፍጥነቱ እያሾፉ «ቀስ በቀስ» የሚሉት ይህ ሰው መሪውን ለቀቀና «ስሜ ዛሬ ገና ሠራ» አለ።

ሐኪሟ በሩን ገፍታ ወረደች። ነፋሱ ዝናቡን በአግድም እየነዳ ፊቷን ገረፈው። ከፊታቸው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ከጫካው ማዶ ወንዝ፣ ከወንዙ ማዶ ደግሞ ኮሌራ የገባበት የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር አለ። ወሬው የተሰማው ከዚያ ያመለጠ አንድ ቆፋሪ ከተማው ሆስፒታል በር ላይ ወድቆ ሲገኝ ነው። የሰፈሩ ኃላፊ በስልክ ሲጠየቅ ሁሉም ደህና ነው ብሎ ዘጋ።

እሷ የወረርሽኝ መከላከል መምሪያ ኃላፊ ናት። ሰው ልካ ቢሮዋ መጠበቅ ትችል ነበር፤ አለቃዋም የመከራት ይህንኑ ነበር። ግን እግሯ አይረጋም። ሥራ የጀመረችው በሕፃናት ክፍል ነው። አድና የሸኘቻቸው ልጆች በዚያው ተቅማጥ ተይዘው፣ በዚያችው እናት ጀርባ ታዝለው ሲመለሱባት ጊዜ የሚጠጡትን ውሃ ፍለጋ ከሆስፒታል ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ሹመት ወደ ሌላው፣ ከአንድ ወረርሽኝ ወደ ሌላው ስትሮጥ ኖረች። እናቷ «ልጄ ሐኪም ናት እንዳልል በሽተኛ አታይ፤ ሹም ናት እንዳልል ወንበሯ ላይ አትገኝ» እያሉ ያማርራሉ።

ሹፌሩን ከመኪናው ጋር ትተው፣ እሷና አብሯት የመጣው ነርስ ከአቅራቢያው መንደር በቅሎዎች ተከራይተው ጫኑ። ውሃ የሚያክሙበት የክሎሪን በርሜል በአንደኛዋ፣ በደም ሥር የሚሰጥ የግሉኮስ ካርቶኖች በሌላዋ ላይ ሆኑ፤ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን የሕይወት አድን ዱቄት በጀርባቸው አዘሉ። ነርሱ ፊት ፊት ይሄዳል፤ እሾህ ልብሱን ሲቀደው እንኳ ዞር አይልም። ታናሽ ወንድሙ ከቆፋሪዎቹ አንዱ ነው።

ወንዙ ሞልቶ፣ ግንድ እየገነደሰ ይወርዳል። ጀልባ ቀዛፊው ሽማግሌ ውሃውን ትኩር ብለው አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ግልገል የያዘች ጉማሬ አለች። ነገ ብትሻገሩ ይሻላል፣ ልጄ።»

«አባባ፣ ማዶ ያሉት ነገን ላያዩ ይችላሉ» አለች።

ሽማግሌው መቅዘፊያቸውን አነሱ፤ በቅሎዎቹን ዳር አስረው ጭነቱን ወደ ጀልባዋ አሸጋገሩ።

የማዶውን ሸምበቆ ሊነኩ ጥቂት ሲቀራቸው ውሃው ከሥራቸው አበጠ። ጀልባዋ ተነስታ በጎኗ ወደቀች። ሐኪሟ ጠልቃ ወጣች፤ ሰፊ ግራጫ ጀርባ በአጠገቧ ሲያልፍ አየች፤ እየተንፈራገጠች ሸምበቆ ጨበጠች። ካርቶኖቹና በርሜሉ ጎን ለጎን ተንሳፍፈው ውሃው እየወሰዳቸው ነው። ነርሱ አንድ እጁን ካርቶኖቹን ባሰረው ገመድ ላይ አሳርፏል። ሁለቱንም መያዝ አይችልም።

«ክሎሪኑን ያዙ!» ብላ ጮኸች።

ነርሱ ዞሮ አያት። ከዚያ ገመዱን ለቀቀና በርሜሉ ላይ ተጠመጠመ፤ ሽማግሌውም ደርሰው አገዙት። ዳር ሲወጡ ካርቶኖቹ በወንዙ መታጠፊያ ተሰወሩ።

«ወንድሜ ከታመመ የሚያስፈልገው ያ ነበር» አለ ነርሱ እያለከለከ።

«አውቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ አላናገራትም። በርሜሉን በእንጨት አንጠልጥለው እየተፈራረቁ ተሸከሙ።

የሰፈሩ መግቢያ በግንድ ተዘግቷል፤ መሣሪያ የያዙ ጠባቂዎች ቆመዋል። ኃላፊው ንጹሕ ጫማውን ከጭቃው እየጠበቀ መጣ። የታመሙትን ወስዳ እንድታክም ይፈቅዳል፤ የውኃ ጉድጓዱን ግን መንካት የለም፤ ጉድጓዱ ከተዘጋ ሥራ ይቆማል፣ ወሬው ከወጣም ወርቅ ገዢ ይሸሻል። ካልተስማማች በመጣችበት ትመለስ።

ሐኪሟ እሱን ትታ ወደ ጠባቂዎቹ ዞረች።

«እናንተስ የምትጠጡት ከየት ነው?»

ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ጉንጩ የገባው፣ ከንፈሩ የደረቀው ሰውዬ መሣሪያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ ግንዱን አነሳ። ኃላፊው በስሙ ጠራው፤ ሰውየው እንዳልሰማ ሆነ። ሌላውም አገዘው።

በቆርቆሮ ዳሶቹ ውስጥ ሰዎች መሬት ላይ ተደርድረው ነበር። የጉድጓዱ አፍ ከሽንት ቤቱ ቁልቁል ነው። ሐኪሟ ጉድጓዱን አሸገች፤ ከወንዙ የሚቀዳው ውሃ በክሎሪን እየታከመ እንዲታደል አደረገች። ነርሱ ወንድሙን ከዳስ ዳስ ሲፈልግ ቆይቶ ጥግ ላይ አገኘው፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ግን መዋጥ ይችላል። በጀርባቸው ካዘሉት ዱቄት እየበጠበጠ በማንኪያ ሲያጠጣው ዋለ፣ አደረም።

የቆፋሪዎቹ ወጥ ቤት ሠራተኛ ግን መዋጥ አልቻለችም። ሐኪሟ የሴትዮዋን ራስ በክንዷ ደግፋ በጠብታ ልታጠጣት ሞከረች፤ ውሃው በከንፈሯ ጥግ ወረደ። መርፌ ይገባበት የነበረውን የሴትዮዋን ክንድ ዳበሰች። ጥቂት ከረጢት ግሉኮስ ይቺን ሴት እንደሚያነሳት ታውቃለች። ሴትዮዋ «ልጄ» አለችና ሌላ ለመጨመር ሞከረች፤ ድምፅ አልወጣትም። እጇ በሐኪሟ እጅ ውስጥ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ቀናት ሲያልፉ አዲስ የሚታመም ቀነሰ፤ በኋላም ጠፋ። የነርሱ ወንድም ቆሞ ሄደ። ነርሱ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠና ውሃውን ባናክም ኖሮ እሱን አድኜ ሌላውን ሁሉ እቀብር ነበር አላት። እሷ ግን ወጥ ቤት ሠራተኛዋ ከየት እንደመጣች ጠየቀችው። ቆፋሪዎቹ ከተማ ውስጥ ልብስ የምትሰፋ ሴት ልጅ አለቻት አሉ፤ ገና አልሰማችም።

ከተማ ሲደርሱ አለቃዋ መግለጫ እንድትሰጥ እየጠበቃት ነበር፤ ጋዜጠኞችም ተጠርተዋል። ሐኪሟ ይቆዩ አለችና ሹፌሩን ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት እንዲነዳ አዝዛ ከኋላ ተቀመጠች። ለዓመታት ሞት የሚደርሳት በቁጥር ነበር።

በሩን ልጅቷ ከፈተችው፤ አንገቷ ላይ ሜትር ተንጠልጥሏል። ሐኪሟ ማን እንደሆነች ነገረቻት፤ እናቷ መሞቷንም።

«ሊያድናት የሚችል መድኃኒት ይዤ ነበር» አለች። «ወንዝ ወሰደው። ሌላው እንዲያዝ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ብዙ ሰው ተርፏል። እናትሽ ግን አልተረፈችም።»

ልጅቷ የበሩን መቃን ያዘች። መንገድ ላይ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ብቻዋን ነበረች?»

«አይደለም። እጇን ይዤ ነበር።»

ልጅቷ ከበሩ ገለል አለች። ሐኪሟ ገባች፤ ከስፌት መኪናው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር የሐኪሟ ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ነበር። ሐኪሟ ዘጋችውና እዚያው ቁጭ እንዳለች ቆየች።