የጎደለው ዘይት

«ዓይንሽን ከሜካኒኩ እጅ ላይ እንዳትነቅይ!» አለ አባቷ በመስኮቱ በኩል። በጀሶ የታሰረ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሏል። «ሲቀዳም ሲሞላም እይው። ዘወር ሲል ዘወር በይ።»

ልጅቷ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠች። ትንሿ ትራክተር ማረሻዋን መሬት ላይ ጥላ ቆማለች፤ ሰሞኑን ማንሳት አቅቷታል። የሃይድሮሊክ ዘይቷ ጎድሏል። ባለፈው ወር እኮ ነው አዲስ የተሞላላት! ታላቅ ወንድሟ ቁርስ ላይ መልሱን ሰጥቷል። «ሜካኒኩ ነዋ! ግማሹን ሞልቶ ግማሹን ላፍ አድርጎታል። ከሱ ሌላ ማን ነካት?» አባቷም ነገሩ እውነት ከሆነ ሰውየው በሰፈሩ ሁለተኛ ሥራ እንደማያገኝ ማለ።

ሜካኒኩን ሁሉም ካቻቢቴ ይሉታል። እንደ ብሎን መፍቻው ቀጥ ያለ ቀጭን ነው።

«ኢንስፔክተር፣ ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?» አላት።

«ቅዳሜ ነው» አለች፣ ሳትስቅ።

ከሥር ያለውን ብሎን ፈታ። ወፍራሙ ዘይት እየተጥመዘመዘ ሳፋው ውስጥ ወረደ። ካቻቢቴ በጣቱ ነክቶ አሸተተው። ምን ያሸታል? ደግሞ ጀርባውን ሰጣት። ለምን ዞረ? ተነስታ ያመጣውን ጄሪካን ክዳን ነካ ነካ አደረገች። እንደታሸገ ነው።

«ካላመንሽ ልጠጣልሽ?» አላት።

ከዚያ ትራክተሯ ሥር ገብቶ ጣሳ የምታክለውን የዘይት ማጣሪያ፣ ፊልትሮዋን፣ ፈታ። ድንገት እጁ ቆመ። ወደ ቤቱ መስኮት ሰረቅ አድርጎ አየና አንድ ጥቁር ነገር ኪሱ ከተተ።

ልጅቷ ተጠጋች። አገኘሁት!

«ምን ደበቁ ጋሼ?»

«ምንም።»

«አይቻለሁ እኮ! አባዬን ልጥራ?»

ካቻቢቴ ተነፈሰ። ከኪሱ ያወጣው የተጨፈለቀ ክብ ጎሚኒ፣ ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽግ ላስቲክ፣ ነበር። ሌላው ጎሚኒ ፊልትሮዋ ላይ አለ።

«ፊልትሮ ሲቀየር የአሮጌው ጎሚኒ አንዳንዴ ትራክተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳያነሱት አዲሱን ከደረቡበት አይገጥምም። ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ ጠብ ጠብ ይላል።»

ልጅቷ ትራክተሯ ሥር የተነጠፈውን ገለባ በእግሯ ገፋ አደረገችው። ከሥሩ ያለው አፈር ጠቁሮ ረጥቧል። ዘይቱን የጠጣው አፈሩ ነው።

«ማን ነው ያሰረው?»

«እኔ።»

መልሱ ፈጠነባት። ባለፈው ወር ዘይቱ የተሞላ ቀን ካቻቢቴ ስልክ ተደውሎለት ሥራውን ሳይጨርስ ነበር የሄደው። ወንድሟ ማታ እጁ በዘይት እንደጠቆረ ገበታ ቀርቦ «የባለሙያ እጅ እዩ!» እያለ አልታጠብም ብሎ ነበር።

«ወንድሜ ነው አይደል?»

«ሳላየው መሄዴ የኔ ጥፋት ነው። ለአባትሽ ካቻቢቴ ነው ያሰረው በይው። ልጁ እጁ ጥሩ ነው፤ አባትሽ ካወቀ ሁለተኛ መፍቻ አያስይዘውም። እኔ ስድብ ለምጃለሁ።»

«ሌባ ነው እኮ ያለዎት።»

ካቻቢቴ የጠረጋትን ፊልትሮ እንደገና ጠረጋት።

«ምን አየሽ?» ሲል አባቷ ጮኸ። «ወሰደ?»

«አልወሰደም!»

«ታዲያ ዘይቱ የት ገባ?»

ልጅቷ እጇን ዘረጋች። ካቻቢቴ ትንሽ አመነታና ጎሚኒውን ሰጣት። የአባቷን መስኮት አልፋ ወደ ወንድሟ ክፍል ገባች። አልጋው ላይ ተንጋሎ ስልኩን ይነካካል። ጎሚኒውን ስክሪኑ ላይ አስቀመጠችለት።

«ኧረ! ምንድን ነው ይሄ?»

«አንተ ያሰርከው ፊልትሮ ላይ ሁለተኛ ሆኖ የተገኘ። ሰውየው ሳይሄድ አባዬ ጋ ውሰደው።»

ወንድሟ ብድግ ብሎ ተቀመጠ። ጎሚኒውን አንስቶ አገላበጠው።

እሷ ተመልሳ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ካቻቢቴ አዲሱን ዘይት እየሞላ ነው። አሁን ግን የምታየው የሱን እጅ ሳይሆን ወንድሟ ወደ አባቷ የሚገባበትን የቤቱን በር ነበር።