ቴሳ ያላየችው ሰው

ሴሊና ሄድሊን ያወቀችው ወደቡ ላይ ነው፤ እሷ ሸርጣን ማሸጊያው ውስጥ ትሠራ ነበር፣ እሱ ዓሣ አጥማጅ ነበር። አንድ ቀን በረዶ የዋጠውን መኪናዋን ገፍቶ አወጣላትና ምስጋና ሳይጠብቅ ሄደ። እሷም ጀርባው እስኪጠፋ ቆማ አየችው። እንዲያ ያለ ጀርባ አይታ ልቧ የማይሸፍት ሴት ካለች ድንጋይ ናት።

ሄድሊ መልካም ሰው ነበር። ጥፋቱ አንድ ነው፤ አፍ የለውም፣ አይናገርም። ዝም ብሎ ይገባና የሴሊናን ልጅ ቴሳን ብድግ አድርጎ ወደ ላይ ይወረውራታል። ልጅቱ ትጮኻለች። መጮህ ብቻ? ትናከሳለች እንጂ!

ቴሳ ዳውን ሲንድረም ያለባት የሰባት ዓመት ልጅ ናት። አክስት ዶርካስ ከደጅ ጀምራ እየዘፈነች ስትመጣ ግን እጇን ዘርግታ ትስቃለች።

«አንቺ፣» አለች ዶርካስ፣ «እንዲህ ያሉ ልጆች የሰው ልብ ያያሉ። ሰውዬው ውስጡ አንድ ነገር አለ።»

«ምን ይኖረዋል አክስቴ? ዓሣ ዓሣ ይሸታል እንጂ።»

«ሳቂ! ልጅሽ አይታዋለች።»

መንደሩ ሁሉ እንዲያ ያምን ነበር። ልብ ታያለች የሚሏትን ልጅ ዓይኗን ያየላት ግን አልተገኘም። አንዲት ነርስ ፊደል አሳይታት መልስ ስታጣ «ከአእምሮዋ ነው» ብላ ሸኝታታለች።

ሄድሊ ቀለበት ይዞ የመጣ ዕለት ቴሳ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ተንሰቀሰቀች።

«ልጄ ያልወደደችውን ሰው አላገባም፣» አለች ሴሊና፣ ፊቱን ሳታይ።

«ምን አደረግኳት?»

«እኔ እንጃ። እሷ ታውቃለች።»

አልተከራከረም። ያ አፉ ለዚያ ቀን እንኳ አልደረሰለትም። ቆቡን አንስቶ ወጣ፤ በዚያው ሰሞን ለነዳጅ ሥራ ርቆ ወደ አልበርታ ሄደ።

በረዶው መጥቶ ሄደ፣ ደግሞ መጥቶ ሄደ። አዲስ የመጣች አስተማሪ ቴሳ ሥዕል የምታየው አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ መሆኑን አስተውላ ሴንት ጆንስ ከተማ ወዳለ የዓይን ሐኪም ላከቻቸው። ሐኪሙ አንብቢ አላላትም። ጠብታ አድርጎላት፣ ዓይኗ ውስጥ ብርሃን እያበራ ዕይታዋን ለካ።

«ከክንዷ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭጋግ ነው የሚሆንባት፣» አለ። «ሰው ሳይናገር ድንገት ሲያነሳት አትጮህም?»

ሴሊና ሄድሊን አሰበች። ሳይናገር የሚያነሳት ሰው አንድ ብቻ ነበር።

ወፍራም መነጽር ተሠራላት፤ አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለ ስለሆነ እንዳይንሸራተት ከኋላ በላስቲክ ታሰረ።

በጋ ላይ ሄድሊ ተመለሰ፣ ከሚስቱ ጋር። ሚስቱ መኪና ውስጥ ስትጠብቀው ሴሊና ወደቡ ላይ አግኝታ ሁሉንም ነገረችው።

«እንግዲያ አልጠላችኝም ነበር፣» አለ ሄድሊ።

«አላየችህም ነበር።»

«አንቺስ?» አለ። «አንቺ ታዪኝ አልነበር?»

ሴሊና መነጽሯን አድርጋ አጠገቧ የቆመችውን ቴሳን ወደ እሱ ገፋ አደረገቻት።

ሄድሊ ተንበረከከ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነካት ቀድሞ ተናገረ። «ቴሳ፣ እኔ ሄድሊ ነኝ።» ልጅቱ ቀረበች፣ ፊቱን ትክ ብላ አየችው፣ ጢሙን ዳበሰችና ሳቀች።

«እማ፣ የኛ ነው?»

«አይደለም፣ የኔ ልጅ።»

ሄድሊ ከተንበረከከበት ቶሎ አልተነሳም።