ዱባ ስትተነፍስ

«ወይ ትዳን፣ ወይ ከዚህ ቤት ትውጣልኝ!»

የእንስሳት ሐኪሟ ያንን ቤት በረገጠችበት የመጀመሪያ ቅዳሜ የተቀበላት ቃል ይህ ነበር። የቤቱ እመቤት ይህን ብለው፣ ለሰላምታ እንኳ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ መኝታ ቤታቸው ገቡና በሩን ጓ አድርገው ዘጉት።

ሳሎኑ ውስጥ ሐኪሟ፣ የሴትዮዋ ልጅና ዱባ ቀሩ። ዱባ አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለ፣ እንደ ስሟ ድብልብል ያለች አሮጊት ውሻ ናት። መኪና ላይ ስትወጣ ተጨንቃ ትንፋሽ ስለሚያጥራት ነው ሐኪሟ እነሱ ቤት ድረስ የመጣችው። ምንጣፉ ላይ ተኝታ አየሩን እንደ ቀዳዳ ወናፍ እያፏጨች ትስባለች።

«እናቴን አይቀየሟት፤ ክፉ ሆና አይደለም» አለ ልጅየው። ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ታጥቦም የማይለቅ ግራሶ ጥፍሩ ሥር ቀርቷል።

«እኔ የመጣሁት ለውሻዋ ነው» አለች ሐኪሟ ቆፍጠን ብላ። የዱባን ጉሮሮና ደረት አዳምጣ ስታበቃም አላድበሰበሰችም። «የአየር ቧንቧዋ ላልቷል። ሲሞቃት ወይም ስትደነግጥ ይጣበቃል። የምተክልባት ቀጫጭን መርፌ ያረጋጋታል እንጂ ቧንቧውን አይጠግነውም፤ መድኃኒቷም እንዳይቋረጥ። ትልቁ ሥራ ግን የእናንተ ነው። የአንገት ማሰሪያዋ ወልቆ በደረት ማሰሪያ ይተካ። ትክሳ። መስኮት ይከፈት፤ ጭስና ሽቶ አይድረስባት። የበሩ ደወል የሚያስደነግጣት ከሆነ እሱም ይቅር።»

በሳምንቱ ስትመጣ በደወሉ ቦታ ሁለት የተጠቀለሉ ሽቦዎች ብቻ ቀርተዋል።

«ነቀልኩት» አለ በሩን እየከፈተ። «ጎረቤቱ ሁሉ ያኮረፍነው መስሎታል።»

ሳትፈልግ ሳቀች።

እንደ ፀጉር የቀጠኑትን የአኩፓንክቸር መርፌዎች ዱባ ትከሻና ጀርባ ላይ ስትተክል፣ እሱ የውሻዋን ጭንቅላት በሁለት መዳፉ ይይዛል። ከዚያ ለሃያ ደቂቃ ማንም ትንፍሽ አይልም። ዝምታው ዱባን ለማረጋጋት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ለዱባ ብቻ መሆኑ ቀረ። ሐኪሟ መርፌ የምትቆጥር መስላ እጆቹን ታያለች፤ ቀና ስትል ከዓይኑ ጋር ትጋጫለች፤ ሁለቱም አንገታቸውን ይደፋሉ።

በአራተኛው ቅዳሜ «እጅሽ ምንም አይንቀጠቀጥም?» አለና ራሱ ደነገጠ። «እ... እጅዎ ማለቴ ነው።»

«ግድ የለም» አለች ዓይኗን ከመርፌው ሳትነቅል። «‹አንቺ› ይሻለኛል።»

የዱባ ትንፋሽ እየተሻሻለ መጣ። የእናትየው ፊት ግን አልተፈታም። ውሻዋ ባፏጨች ቁጥር ከመኝታ ቤት የሬዲዮ ድምፅ ይጮኻል።

በሰባተኛው ቅዳሜ ሐኪሟ ስትገባ መስኮቱ ተዘግቷል። ክፍሉ በሽቶ ታፍኗል። ዱባ ጥግ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ ሆዷ እየተሸበሸበ፣ አየር ፍለጋ ትታገላለች። ሐኪሟ መስኮቱን በርግዳ፣ ውሻዋን ታቅፋ በረንዳ ላይ ወጣች። ዱባ እስክትረጋጋ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ያን ጊዜ የሐኪሟ ንዴት ልጅየው ላይ ገነፈለ።

«ሽቶ እንዳይነፋ አላልኩም? እናትህ እኮ ይህችን ውሻ ሊገድሏት ነው የሚፈልጉት!»

የልጅየው ፊት አመድ መሰለ።

«ሽቶው የእህቴ ነው» አለ ዝግ ባለ ድምፅ። «አስም እዚያ ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ገደላት፤ እናቴ እያየች። ከሞተች ዛሬ ሁለት ዓመቷ ነው፤ እናቴ ጠረኗን ፈልጋ ነው የነፋችው። ዱባን ያሳደገቻት እሷ ናት። እናቴ እዚያ ውስጥ ሆና የምትሰማው የውሻ ትንፋሽ ይመስልሻል?»

ሐኪሟ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት።

«አላወቅኩም...»

«እኔም አልነገርኩሽም። ዛሬ ግን ሂጂ፤ እባክሽ።»

የስልክ ቁጥሯን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋ ወጣች። ሁለት ቅዳሜዎች አለፉ። እሱ አልደወለም። እሷም ስልኩን አንስታ መልሳ ታስቀምጣለች፤ በምን አፏ ትናገር?

በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ቀትር ላይ ስልኳ ጮኸ።

«ልጄ የሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ነው መሰል ስልኩ አይሠራም» አሉ እናትየው። «ውሻዋ... ምላሷ ሰማያዊ ሆነ።»

ሐኪሟ ቦርሳዋንና የኦክስጅን ጠርሙሱን አንጠልጥላ መኪናዋ ውስጥ ገባች፤ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችው። «እማማ፣ ያዳምጡኝ። ሴራሚክ ወለሉ ላይ ያስተኟት። ሆዷንና መዳፏን በእርጥብ ጨርቅ ያርጥቡ። ቬንቲሌተሩን ያዙሩባት። አፏ ውስጥ ውሃ እንዳያፈሱ!»

«አልችልም። ያኔም እጄ አልታዘዘኝም።»

«አሁን ይታዘዝዎታል። አንገቷን ቀና ያድርጉላት። በቀስታ ያናግሯት። እየመጣሁ ነው፣ ስልኩን አልዘጋም።»

ለጥቂት ጊዜ የውሃ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ቀጥሎ የእናትየው ድምፅ መጣ፤ «አይዞሽ የኔ እናት... ቀስ... ቀስ በይ... እኔ አለሁልሽ...» ለማን እንደሚሉት ሐኪሟ አልጠየቀችም። መሪውን ጨብጣ መንገዱ በእንባ እንዳይጋረድባት ታገለች።

ስትደርስ እናትየው ቀሚሳቸው ሾቆ ወለል ላይ ተቀምጠዋል፤ የዱባ አገጭ መዳፋቸው ላይ አርፏል። ሐኪሟ ኦክስጅኑን ዱባ አፍንጫ ላይ ያዘች፤ ማረጋጊያ ወጋቻት። ሁለቱም ምላሷን እያዩ ጠበቁ። ቀስ በቀስ ሰማያዊው ለቆ ቀላ።

«እማማ» አለች ሐኪሟ አንገቷን ደፍታ፣ «ያን ቀን ክፉ ቃል ተናግሬያለሁ።»

«ሰምቼሻለሁ። ግድግዳው ስስ ነው።» እናትየው እርጥብ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ ጣል አደረጉ። «ልጄንም እሰማዋለሁ። አንቺ መምጣት ከጀመርሽ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲዘፍን ነበር። አሁን ዝም ብሏል። እኔ ደግሞ ዝም ያለ ቤት ሰልችቶኛል።»

በሩ ተበረገደ። ሊፍት ጠጋኙ የእናቱን ጥሪ ዘግይቶ አይቶ፣ የሥራ ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ፣ እያለከለከ ቆሟል። እናቱን አየ፤ ውሻዋን አየ፤ ሐኪሟ ላይ ሲደርስ እርጥቡ ወለል ላይ ዝርፍጥ አለ።

«ልመጣ ነበር» አላት።

«መቼ?»

«በየቀኑ።»

እናትየው «ሻይ ልጣድ» ብለው ተነሱ።

የሠርጉን ቀን የቆረጠችው ዱባ ናት ማለት ይቻላል፤ ሙቀት ስለማትችል ብርዱ እስኪገባ ተጠበቀ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በመርፌዋ፣ በመድኃኒቷና በቀዝቃዛው ወለል ኖረች። አንድ ማለዳ ግን፣ ሳትታገል፣ እማማ ጭን ላይ እንደተኛች ትንፋሿ ቆመ። ልጅና ምራት አጠገባቸው ተንበርክከው ነበር።

እማማ እጃቸውን ከዱባ ጎን ላይ ሳያነሱ ብዙ ቆዩ።

«ልጄ ይህችን ውሻ ኮቷ ውስጥ ደብቃ ስታመጣት...» ብለው ጀመሩ። ስለ ሟች ልጃቸው ሲናገሩ ምራታቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ወንድ ልጃቸውም እህቱ ከሞተች ወዲህ ሰምቶ አያውቅም። እማማ እያለቀሱና እየሳቁ፣ እስኪረፍድ ድረስ ሲያወሩ፣ ከሁለቱ አንዳቸውም ከወለሉ አልተነሱም።